ከስቶክሆልም ሮም ስንት ሰዓት ነው?

ከስቶክሆልም ሮም በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ዛሬ ስልክ የያዘ ልጅ ሁሉ ወዲያው ፈልጎ ያገኘዋል። እኛ ቤት ግን እስኪታወቅ አራት ዓመት ፈጀ። ከታወቀ በኋላ ቤታችን የድሮው ቤት አልሆነም፤ እኔም የድሮዋ ሌንሴ አልሆንኩም። አንዳንድ ዘመዶቼ ዛሬም ድረስ "ያን ቀን አፍሽን ብትይዢ ኖሮ" ይሉኛል። አልያዝኩም። ለምን እንዳልያዝኩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ነቀምቴ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ እማራለሁ፤ የምኖረው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ነው። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ታላቃችን ቶሌራ በቤተ ክርስቲያን በኩል ባገኘው የትምህርት ዕድል ስዊድን ሄዶ እዚያው ቀረ። ስቶክሆልም ውስጥ የከተማ ባቡር ይነዳል፤ ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ አለው። መካከለኛው ገላና የሄደው በሱዳን፣ በሊቢያ አድርጎ፣ በባሕር ነው። በመንገድ ያየውን እስከ ዛሬ በቅጡ ነግሮን አያውቅም። ሮም ውስጥ በብስክሌት ለሰው ቤት ምግብ ያደርሳል። እኔ የመጨረሻዋ፣ እቤት የቀረሁት ነኝ።

የኮሌጅ ክፍያዬን የሚከፍለው ቶሌራ ነበር። የቤታችንን ቆርቆሮ ያስቀየረው፣ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት የሚያስገዛውም እሱ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት የቶሌራ ቃል ከወንጌል ቀጥሎ ነው። ሲደውል ሬዲዮ ይዘጋል፣ እንግዳም ካለ ዝም ይላል።

እናታችንን ሃርሜ ነው የምንላት። እናቴ እንደማለት ነው። ሃርሜ ከልጆቿ ገንዘብ ጠይቃ አታውቅም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"አንድ ቀን እንኳ ሁለታችሁ አብራችሁ ፎቶ ተነሱና ላኩልኝ" ትላለች።

"ሩቅ ነው እኮ ሃርሜ" ይላል ቶሌራ። "እሱ ያለበት ሌላ አገር ነው። በመሀል ስንት አገር አለ መሰለሽ!"

ገላናንም ስትጠይቀው ቶሎ ወሬ ይቀይራል። "ይርቃል ሃርሜ" ይልና ስለ ላሟ ይጠይቃታል።

እኛም አመንን። ለምን አናምን? እኛ ርቀት የምናውቀው በአውቶቡስ ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ለመሄድ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ትደርሳለህ፤ መንገድ ሰላም ከሆነ፣ ፍተሻው ካልበዛ፣ ጎማ ካልተነፈሰ፣ አመሻሽ ላይ ወገብህን ይዘህ ትወርዳለህ። ያም አንድ አገር ውስጥ ነው። ብዙ አገር አቋርጦ መሄድማ ስንት ሳምንት ይፈጅ ይሆን? እኔ ራሴ፣ ኮሌጅ የምማረዋ፣ ስልኬን ከፍቼ መፈለግ አንድም ቀን አልመጣልኝም። ቶሌራ ሩቅ ነው ካለ ሩቅ ነው።

ሃርሜ ጠዋት ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተንበርክካ ስትጸልይ እሰማታለሁ። ስለ ሁላችንም ትጸልይና በመጨረሻ እንዲህ ትላለች፦ "ዋቀዮ፣ በሁለቱ ልጆቼ መሀል ያለውን መንገድ አሳጥርልኝ።" ለአራት ዓመት ይህን ጸሎት አንድ ቀን አላስታጎለችም።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከኮሌጅ ስመለስ ሃርሜ ጓሮ ነበረች። ስልኳ ሶፋው ላይ ይጮሃል። የማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር ነው። አነሳሁት።

"ሃሎ፣ የገላና ቤተሰብ ቤት ነው?" አለች አንዲት ሴት። አማርኛዋ የአዲስ አበባ ነው።

"አዎ፣ እህቱ ነኝ።"

"ሰብለ እባላለሁ። ሮም አብረን ነው የምናመልከው። እህቴ፣ አትደንግጪ፣ ገላና በሕይወት አለ።"

አትደንግጪ ስትለኝ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ብስክሌቱን ሲነዳ መኪና ገጭቶታል። ዳሌውና አንድ እግሩ ተሰብሯል፤ ደም ብዙ ፈሶታል። የመጀመሪያ ሕክምና ተደርጎለት አሁን ለትልቁ ኦፕሬሽን እያዘጋጁት ነው፤ ሐሙስ ይገባል። ሐኪሞቹ እግሩን ለማትረፍ እንሞክራለን ነው ያሉት። እናድናለን አላሉም።

"ማን አጠገቡ አለ?" አልኳት።

"እኔ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። የማስታምማቸው አሮጊት አሉኝ፣ ጥያቸው ማደር አልችልም። ነርሶቹ ቤተሰብ ይምጣ እያሉ ነው። እሱም በሰመመን ውስጥ ሆኖ ወንድሙን ሲጠራ ሰማሁት። ስዊድን ወንድም አለው አይደል?"

"አዎ፣ ግን ሩቅ ነው።"

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"ምኑ ነው ሩቁ?" አለችኝ። "ሦስት ሰዓት አይደል እንዴ!"

"በምን?"

"በአውሮፕላን ነዋ! በየቀኑ በረራ አለ። ባለፈው የኛ ፓስተር ጠዋት ከስቶክሆልም ተነስቶ ምሳ እኛ ጋ በላ።"

ስልኩን ዘግቼ የራሴን አወጣሁ። ኔትወርኩ ያን ሰሞን ሲመጣ ሲሄድ ስለነበር ገጹ እስኪከፈት ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ተከፈተ። ርቀቱ ወደ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የአውሮፕላኑ ጉዞ ሦስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ። ደግሜ አየሁት። እኔ ለአንድ ወረቀት ማኅተም አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ የምቀመጠው የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ነው።

ያን ሰዓት የተሰማኝን ሐዘን ብዬ ልጠራው አልችልም። ሐዘኑ ነበረ፣ ግን ከላዩ ላይ ሌላ ነገር ወጣበት። ጉንጬ ጋለ። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት እናት በየጠዋቱ ተንበርክካለች፤ ስለ የትኛው መንገድ?

ለሃርሜ ስለ አደጋው ነገርኳት፤ ስለ ሰዓቱ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ከቶሌራ አፍ መስማት ፈለግኩ። ጮኻ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች።

በማግሥቱ ቤታችን ሰው ሞላ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ኦቦ ፈይሳ ከሲሬ መጣ። እህል ነጋዴ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ ሽማግሌ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤታችን አፍ እሱ ነው። ከሃርሜ የጸሎት ጓደኞች አንዳንዶቹ መጡ፤ ከጎረቤት ደግሞ እትዬ ዘሐራ መጣች። እትዬ ዘሐራ በድርቁ ዘመን በልጅነቷ ከወሎ መጥታ እዚሁ ያረጀች ሴት ናት፤ ገበያ ውስጥ በርበሬ ትሸጣለች። ኦሮምኛውን እንደ እኛው ትናገራለች፤ ስትናደድ ግን የወሎ አማርኛዋ ይወጣል።

ከተጸለየ በኋላ ኦቦ ፈይሳ ለቶሌራ ደወለና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ቶሌራ፣ አካም ጅርታ ኢልማ ኮ?"

ደህና ነኝ አለ። ሰምቷል፤ ሰብለ ቁጥሩን ከእኔ ወስዳ ለእሱም ደውላለታለች። ማዘኑን ተናገረ። የሆስፒታል ነገር እዚያ አገር በጣም ጥሩ ስለሆነ አትጨነቁ አለ። የሚያስፈልግ ነገር ካለ እንደሚልክ፣ በጸሎት እንደሚያስበው ተናገረ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ኦቦ ፈይሳ "ዋቀዮ ይባርክህ" አለው።

ሃርሜ ከጥግ "ልጄ፣ ማንም አጠገቡ የለም" አለች።

"ምን ላድርግ ሃርሜ? ሥራ አለኝ፣ ልጅ አለችኝ። ደግሞ ሩቅ ነው።"

"ስንት ሰዓት ነው?" አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቶሌራ ሲናገር እኔ መሀል ገብቼ አላውቅም።

"ማን ነው? ሌንሴ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ከአንተ ጋ እሱ ጋ ስንት ሰዓት ነው?"

"አንቺ ስለዚህ አገር ምን ታውቂያለሽ?"

"ምንም አላውቅም። ለዚህ ነው የምጠይቅህ። ስንት ሰዓት ነው?"

"የሰዓት ጉዳይ አይደለም። እዚህ ሰው ብድግ ብሎ አይሄድም። ፈቃድ ይጠየቃል፣ ተተኪ ይፈለጋል…"

"ይጠየቅ። ስንት ሰዓት ነው?"

"ጨል ጄዲ!" አለኝ ኦቦ ፈይሳ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። "ታላቅ ወንድምሽን ነው እንዲህ የምትመረምሪው? እንጀራሽን ማን እንደሰጠሽ ረሳሽ?"

"አልረሳሁም ኦቦ። ግን አንድ ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። ቁጥር ይንገረኝና ዝም እላለሁ።"

ከስልኩ ውስጥ የቶሌራ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ እኔ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ጮኸ።

"እሱስ? እሱ ለእኔ ሠርግ መጥቷል? ይህን ለምን አትጠይቂውም? ሊቢያን አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ሮም የገባ ሰው፣ ለወንድሙ ሠርግ ሦስት ሰዓት መምጣት አቃተው! ብቻዬን ነው የቆምኩት! የሚስቴ ዘመድ አዳራሹን ሲሞላው በእኔ በኩል አንድ ሰው አልነበረም!"

ሦስት ሰዓት አለ። ራሱ አለው።

ኦቦ ፈይሳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሃርሜ ከጥጉ ተነስታ ቀስ እያለች መጣችና ስልኩ ላይ ጎንበስ አለች።

"ሦስት ሰዓት አልክ?"



ወደ እኔ ዞረች። "ዱጋዳ?" አለችኝ። እውነት ነው?

"እውነት ነው ሃርሜ። ጠዋት ቢነሳ ለምሳ ይደርሳል።"

እናቴ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀንም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እንዲያውም ዝቅ አደረገችው፤ ሁላችንም ጆሯችንን አቅንተን ነው የሰማናት።

"እኔ በየጠዋቱ ምን ብዬ እንደምጸልይ ታውቃለህ ቶሌራ? በልጆቼ መሀል ያለውን መንገድ አሳጥርልኝ እያልኩ ነው። ባሕር ይመስለኝ ነበር፣ በረሃ ይመስለኝ ነበር። እግዚአብሔርን አራት ዓመት ስለ መንገድ ጨቀጨቅኩት። መንገዱ አጭር ነበር። እሱ ምን ያድርግ?"

"ሃርሜ፣ ማሎ፣ እባክሽ ስሚኝ…"

"ሰማሁህ። ገላና ያኔ ለምን እንዳልመጣ ጠይቀኸዋል?"

መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት ከሰብለ ጋር መልሰን ስንደዋወል አንድ ነገር ነግራኝ ነበር፤ ገላና በዚያን ጊዜ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም። ከጣሊያን ቢወጣ ይያዛል። ለቶሌራ "አልችልም" ብቻ ነው ያለው፤ ታላቁ ፊት ወረቀት የለኝም ማለት አፍሮ። ይህን ተናገርኩ።

ሃርሜ ቀጠለች። "እንግዲህ አሁን አንተ ወረቀት አለህ። ከእንግዲህ ከገላና አልጋ አጠገብ ካልሆነ እንዳትደውልልኝ። ብርም እንዳትልክ። መድኃኒቱም ይቅር።"

ስልኩ ተዘጋ። ማን እንደዘጋው አላውቅም።

ኦቦ ፈይሳ ካፖርቱን አንስቶ ብድግ አለ። "ይህን ቤት አፈረሳችሁት" አለ። "ነገ ከጓደኞቼ ጋር እመጣለሁ። ይቺ ልጅ ደውላ ይቅርታ ትጠይቃለች።"

በማግሥቱም ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። ልብስ ሳጥብ ነበር፤ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ገባሁ። በወግ ተናገሩኝ፤ እንደ ልጃቸው ለዘብ አሉልኝ። ቶሌራ የቤቱ ምሰሶ ነው፣ አንቺ ገና ተማሪ ነሽ፣ እናትሽ በሽተኛ ናት፣ ለእሷ ስትይ አንድ ቃል ተናገሪ አሉኝ። ስልኩን አወጡና ዘረጉልኝ።

"ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?" አልኩ።

"ስላዋረድሽው" አለ ኦቦ ፈይሳ።

"የጠየቅኩት ሰዓት ነው ኦቦ። መልሱን የተናገረው ራሱ ነው። ሦስት ሰዓት ስለሆነ ይቅርታ ልጠይቅ? እኔ አላሳጠርኩትም።"

"ትምህርትሽስ? ካቆመብሽስ?"

ይህን ሌሊቱን ሙሉ አስቤበት ነበር። ለመመረቅ የቀረኝ አንድ ዓመት ነው። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ስፈራ ገላና በዓይኔ ይመጣል፤ በማያውቀው አገር ጣሪያ እያየ ተኝቶ።

"ያቁመው" አልኩ።

በር ላይ ቆማ የነበረችው እትዬ ዘሐራ በዚህ ጊዜ ገባች። ማንም አልጠራትም።

"ጋሽ ፈይሳ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ነገሩ የቤተሰብ ነው" አለች። "ግን እኔን ከወሎ በጭነት መኪና ሲያመጡኝ ልጅ ነበርኩ። የት እንደሚወስዱን የነገረን የለም። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን ገበያ ላይ ሰው ትከሻዬን ነካኝ፤ ዞር ብል እሱ ነው! በእግሩም፣ በመኪናም፣ በየሰፈራው ስማችንን እየጠራ ፈልጎ። ስልክ የለ፣ አድራሻ የለ። ኧረ በአላህ፣ ይቺን ልጅ በምን አፋችሁ ነው ይቅርታ በይ የምትሏት?"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንደኛው "ገላቶሚ" ብሎ አመሰገናትና ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተው። ኦቦ ፈይሳ ግን በንዴት እንደተነፋ ወጥቶ ወደ ሲሬ ተመለሰ።

ሐሙስ ደረሰ። ጠዋት ላይ ኔትወርክ ጥፍት አለ። ሃርሜ ስልኳን ይዛ ከቤት በር፣ ከበር ቤት ትመላለሳለች። ረፋዱ ላይ አላስቻለኝም። "ተነሺ ሃርሜ፣ ዋይፋይ ያለበት እንሂድ" አልኳት። መሀል ከተማ አንድ ሆቴል አለ። እናቴ በሕይወቷ ሆቴል ገብታ አታውቅም፤ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ እንደ ባለ ቀጠሮ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አስተናጋጁን የይለፍ ቃሉን ጠየቅኩት፤ ለሁለታችን አንድ አምቦ ውሃ አዝዤ እሷ ፊት አኖርኩ። አልነካችውም።

ተራ በተራ ሰዎች ምሳ በልተው ወጡ። ጠረጴዛዎቹ ተጠረጉ። ለሰብለ መልእክት ላክሁ፤ አልታየም። እንደገና ላክሁ። ሃርሜ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እየጸለየች እንደሆነ ገባኝ፤ ስለ መንገድ አልነበረም። "እግሩን፣ እግሩን" ስትል ብቻ ሰማኋት።

አስተናጋጆቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ ስልኩ ጮኸ። የቪዲዮ ጥሪ ነው። ስክሪኑ ላይ የመጣው ስም የሰብለ አልነበረም።

ቶሌራ ነው። ነጭ ኮሪደር ውስጥ ቆሟል። ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ደም መስሏል፤ የባቡር ነጂ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።

"ሃርሜ፣ እሱ ጋ ነኝ" አለ።

"አልጋው የታል?" አለችው። ሰላም አላለችውም።

መራመድ ጀመረ። በር ተከፈተ፤ መጋረጃ ገለጠ። ገላና አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፣ በአፍንጫው ቱቦ ገብቷል። ዓይኑን ገርበብ አደረገ። ሃርሜ ስልኩን በሁለት እጇ ወደ ፊቷ ስታስጠጋው መስታወቱ በትንፋሿ ደበዘዘ።

"እግሩስ?"

ቶሌራ ብርድ ልብሱን ከታች በኩል ገለጠ። ሁለት እግር ነበረ። አንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ብረት ተተክሎበት፣ ግን ሁለት። ሃርሜ ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ከሰኞ ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሁሉ፣ በሆቴሉ መሀል፣ ጮክ ብላ። አስተናጋጇ ሮጣ ሶፍት አመጣች። እኔም አለቀስኩ።

ትንሽ ስንረጋጋ ቶሌራ "ሌንሴ እዚያ አለች?" አለ።

"አለች፣ ይኸው" ብላ ሃርሜ ስልኩን ልታዞረው ስትል ድምፁ መጣ።

"ተዪው። ከእሷ ጋር የምነጋገረው የለኝም።"

ከዚያ ስልኩን ወደ ገላና መለሰው።

የቀረውን ሰብለና ገላና ናቸው በኋላ የነገሩኝ። ቶሌራ የደረሰው ረቡዕ ማታ፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት ነው። ከሥራ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል። ገላና ሲያየው "ሠርግህ…" ብሎ ሊጀምር ሲል ቶሌራ አፉን በእጁ ይዞ ዝም አሰኘው። ያ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ወንበር ላይ ነው ያደረው፣ በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ። ራሱ ጢሙ እንደዚያ አድጎ እያለ ታናሹን ቁጭ ብሎ ላጨው። አሁን ገላና ትንሽ ያነክሳል እንጂ ይሄዳል፤ ብስክሌቱን ትቶ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ወረቀቱም ስለተስተካከለ በበጋ ስቶክሆልም ይሄዳል። የቶሌራ ልጅ ትከሻው ላይ ወጥታ ሦስቱም የተነሱት ፎቶ ሃርሜ ቤት ተሰቅሏል።

ለእኔ የሚከፈለው ግን በዚያው ቆመ። ሃርሜ ስታነሳበት "እሷ ራሷን የቻለች ናት" አላት። ኮሌጁን አቋረጥኩ። ሃርሜ ጓሮ ያሉትን ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች ለተማሪዎች አከራየች፤ እኔ አንድ ልብስ ቤት ሻጭ ሆኜ ገባሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስጠናሁ። ከጓደኞቼ በኋላ፣ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ተመረቅኩ። ዛሬ ከነቀምቴ አጠገብ፣ ዲጋ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ኦቦ ፈይሳ ለምረቃዬ አልመጣም። እትዬ ዘሐራ ግን መጥታ እልል ብላ አዳራሹን አናጋችው።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስጽፍ ውጭ አገር ያለውን ሰው ልወቅስ አይደለም። ሥራ እንዳለ አውቃለሁ፣ ወረቀት እንደሚያስር ከገላና በላይ ምስክር የለም። ቶሌራም ብቻውን ሠርጉ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ያን ቀን በጩኸቱ ውስጥ ያ ብቸኝነት ተሰምቶኛል፣ አዝኜለታለሁም። ነገር ግን ቂም ስሙን ቀይሮ "ርቀት" ነኝ ሲላችሁ አትቀበሉት። ጠይቁ። ቁጥር ይነገራችሁ። በእውነት ሩቅ ከሆነ እናንተም ታርፋላችሁ፣ ያልመጣውም ሰው ያርፋል። ቅርብ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ጮክ ብሎ መናገር አለበት፤ ያ ሰው እናንተ ብትሆኑ ደግሞ የሚከፈል ነገር አለ፣ አልደብቃችሁም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ብቻቸውን የተኙ ሽማግሌዎች ይገጥሙኛል። ልጃቸው ነቀምቴ ነው፣ በባጃጅ እንኳ የሚመጣበት። ስደውልለት "ሩቅ ነው ሲስተር" ይለኛል። "ስንት ሰዓት ነው?" እለዋለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ አንዳንዱ ይመጣል። የተሰደብኩት አልቆጨኝም።

ቶሌራ አሁንም አኩርፎኛል። በገና፣ በፋሲካ እኛ ቤት ተሰብስበን ስንበላ ከሮምም ከስቶክሆልምም ይደወላል፤ ሃርሜ ስልኩን ይዛ በየሰዉ ፊት ታዞረዋለች። ቶሌራ ኦቦ ፈይሳን ሰላም ይላል፣ ልጆቹን በየስማቸው ይጠራል፣ እትዬ ዘሐራን ያስቃታል። እኔ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ሃርሜ ወደሚቀጥለው ሰው እስክታዞረው ይጠብቃል። መጀመሪያ አካባቢ አክስቶቼ "ለጊዜው ጓዳ ግቢ፣ አታሳፍሪው" ይሉኝ ነበር።

ጓዳ አልገባም። ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ስልኩ ሲመጣ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ እሱም እስኪያልፍ ድረስ ያየኛል።